ገመዱ ከሻጩ ጋር ይቀራል

«ለበሬ እንዲህ የሆንሽ ለባልሽማ ምን ልትሆኚ ነው!» አለኝ ጫኙ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። ወላይታ ነው፤ ግን በአማርኛ አለኝ፣ በሬያችንን የገዛው ነጋዴ እንዲሰማ። በዴሳ ከብት ገበያ፣ አይሱዙው አጠገብ።

«ባል ቀንድ የለውም» አልኩት።

ሁለቱም ሳቁ። ከእኔ ጋር ይሁን በእኔ አልለየሁም። ፊቴ ግን ጋለ።

ሳር እየጎዘጎዝኩ ነበር። የመኪናው ወለል ላሜራ ነው፤ ከበፊቱ ጭነት የቀረ እበትና ሽንት ስላለበት ያዳልጣል። በሬያችን ደግሞ መንገድ አያውቅም። እኛ ዘንድ የሚደልብ በሬ ቤት ውስጥ ታስሮ ነው የሚቀለበው። እናቴ የስኳር ድንች ሐረግ እያጎረሰችው፣ እያሻሸችው፣ በወላይትኛ እያወራችው ከርማለች። እስከ ገበያው ሲመጣ እንኳ እየቆመ ያለከልክ ነበር። አሁን እስከ አዲስ አበባ ቆሞ ሊሄድ ነው።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ሶዶ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የመጣሁት ለአባቴና ለነጋዴው ላስተረጉም ነበር። ሳሩን ያሳጨደኝ ግን ሶዶ ላይ የማየው ነገር ነው፤ ከላይኛው ብረት ጋር አሳጥረው ያሰሩት በሬ፣ እግሩ ሲከዳው በገመዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንዱን ምላሱ ወጥቶ አይቼዋለሁ። ሾፌሩ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ራሱን ዝቅ ማድረግ እንዲችል ረዘም አድርጋችሁ እሰሩልኝ» አልኩት ነጋዴውን። ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እህቴ፣ ቢሞትብኝ የምከስረው እኔ» አለኝ። «ያለኝ ግን ይሄ ነው።» ቀጭን ሰማያዊ ሲባጎ አሳየኝ። «በዚህ ካስረዘምኩት ይበጠሳል። ያን ወፍራሙን ተዉለትና እንደፈለግሽ እሰሪው።»

ወፍራሙን አባቴ ከእንሰት ቃጫ የገመደው ነው። ከቀንዱ ፈትቶ ትከሻው ላይ ጠምጥሞታል። በእኛ ቤት ከብት ሲሸጥ ገመዱ ከሻጩ ጋር ይቀራል፤ ገመዱ ከሄደ የቤቱ ዕድል አብሮ ይሄዳል ይባላል።

«አባ፣ ገመዱን ስጠኝ» አልኩት በወላይትኛ።

«ለምን?»

«ለበሬው። ቀጭኑ ያንቀዋል።»

«በሬው የሰውዬው ነው። ገመዱ የኛ ነው።»

«ገመድ እንደሆነ ሌላ ትገምዳለህ!»

«ዕድልም ይገመዳል?»

ጫኙ ሁሉንም ሰምቷል። «ገመዱን ከሰጠን በረታችን ባዶ ይቀራል ነው የሚሉት» ብሎ ለነጋዴው አስተረጎመለት። ነጋዴው ፈገግ አለ። በአባቴ አፈርኩ። በአባቴ በማፈሬ ደግሞ ይበልጥ አፈርኩ፤ እናቴ ያን ገመድ ለመቀበል በር ላይ እንደምትቆም አውቃለሁ፤ እኔም ልጅ ሆኜ አብሬያት እቆም ነበር።

በሬውን ለመጫኛ ከተከመረው አፈር ላይ ገፍተው መኪናው ውስጥ አስገቡት። ጫኙ በሲባጎው ቀንዱን ወደ ላይኛው ብረት ሳበው። አገጩ ወደ ሰማይ ቀና፤ የዓይኑ ነጭ ታየ። ወደ እኛ አጓራ። አባቴ ፊቱን አዞረ።

ገመዱን ከትከሻው ላይ ሳብኩት። እሱም ጫፉን ያዘ። ገበያ መሀል፣ ሴት ልጅ ከአባቷ ጋር ገመድ ስትጓተት! «ኧረ በጌታ! ይቺ የማን ናት?» አሉ አንዲት ቅቤ ሻጭ። አባቴ ያኔ ለቀቀው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀሚሴን ሰብስቤ መኪናው ላይ ወጣሁ። «ፍታው» አልኩት ጫኙን። አሁን አልቀለደም፤ ፈታው። በቃጫው ከጎን ብረቱ ጋር አሰርኩት፤ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ፣ ግን እግሩ እንዳይጠላለፍበት አድርጌ። በሬው አንገቱን ደፍቶ ሳሩን አሸተተ። አልበላም።

ስወርድ አባቴ ባዶ ትከሻውን በእጁ ይዞ ቆሟል። የሰፈራችን ሰዎች ያዩታል፤ ማንም አያናግረውም።

«እናትሽን ምን ልበላት?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«አላውቅም» አልኩት።

ወደ አስፋልቱ ወጥቼ የሶዶ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።