አራተኛው ጎን

ኦሎምፒያ ጋ፣ ሳንቡሳ በእጄ ይዤ ታክሲ ስጠብቅ ነው የያዙኝ። ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ሲቪል የለበሱ። አንደኛው ስሜን ጠርቶ «አንዴ ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አለኝ፤ ትህትናው ለጉድ ነው። መኪናው ውስጥ ዘይቱ በወረቀቱ አልፎ መዳፌን ያርሰዋል፤ መብላትም መጣልም አቅቶኝ ሳንቡሳውን እንደያዝኩ ደረስን። ከዚያ ቀን ቁልጭ ብሎ የሚታወሰኝ እሱ ነው።

ጥፋቴ ፌስቡክ ላይ የጻፍኳት አራት መስመር ነበረች። ሰው ከቦታው ሲነሳ አስቀድሞ ይነገረው፣ የሚል ነገር ነው። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ሰርቪስ ውስጥ ሰልችቶኝ የጻፍኩት ነው።

ክፍሉ ላብና በረኪና ይሸታል። ከበሩ አጠገብ ባልዲ አለ። ሃያ ስድስት ሰው ነበር፤ እኔ ሃያ ሰባተኛ ሆንኩ። አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ ሲወርድ በላያችን ነው የሚያልፈው፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ወሬ ይቋረጣል፣ ካለፈ በኋላ ሁሉም ካቆመበት ይቀጥላል።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ። ቀድሞ የሚኒባስ ሾፌር የነበረ፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው ነው። አዲስ የገባ ሁሉ ይህን ይጠየቃል፤ ሙያውን ለክፍሉ ማዋጣት አለበት። ጠበቃው ማመልከቻ ያረቃል፣ መምህሩ እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ልብስ ሰፊው ከየት እንዳመጣት በማይታወቅ መርፌ የሁሉንም ሱሪ ይጠግናል።

«ቀያሽ ነኝ። መሬት ነው የምለካው» አልኩ።

«ወይ ጉድ! እዚህ ምን ሊለካ ነው? ባልዲውን?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ በሥራዬ ሲሳቅ ግን የመጀመሪያው አልነበረም። ከመያዜ ሦስት ሳምንት በፊት መሥሪያ ቤታችን ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ስለ ሥራ ተነሳሽነት ሥልጠና አዘጋጅቶልን ነበር። አሠልጣኙ ወረቀት አደለና «ፓሽናችሁ ምንድን ነው? ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳችሁን ጻፉ» አለ። ጎኔ የተቀመጠችው ባልደረባዬ ሕዝብን ማገልገል ብላ ጻፈች። እኔ «ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ» ብዬ ጻፍኩ። እንደ ቀልድ ተነበበና ተሳቀ። እውነቴን ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሠርቼ ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም።

በሁለተኛው ቀን ነው ሽማግሌውን ያወቅኳቸው። ጥግ ላይ ጋቢ ለብሰው ይቀመጣሉ። ምግብ ሲቀርብ ሁሉም «ና፣ ብላ» ይለኛል፤ እሳቸው ብቻ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ኋላ መንደራቸው ለሚ ኩራ፣ አሁን አዲሶቹ ፎቆች የቆሙበት ቦታ እንደነበረ፣ ስብሰባ ላይ ተናግረው እንደታሰሩ ለመምህሩ ሲያወሩ ሰማሁ። ድምፃቸው ነው ያስታወሰኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ማሳቸውን የለካሁት እኔ ነበርኩ። ያን ዕለት እግር በእግር ተከትለውኝ፣ «ልጄ፣ የሜትሩን አንዱን ጫፍ እኔ ልያዝልህ። በኛ አገር መሬት ሲለካ አንዱን ጫፍ ባለመሬቱ ነው የሚይዘው፤ ያለዚያ ተለካ አይባልም» ብለውኝ ነበር።

«አባባ፣ ዞር ይበሉልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» ነበር መልሴ።

ከመሥሪያ ቤት ሊጠይቀኝ የመጣ አንድ ሰው አልነበረም። አስራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ምሳ የበላሁ ሰዎች ናቸው። ከሃያ ስድስት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቼ እንደዚያን ሰሞን ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቀኝ ሽማግሌው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ባያውቁኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ተማሪና አንድ ነጋዴ በመኝታ ቦታ ተደባደቡ። ገፋኸኝ፣ አልገፋሁህም ነው ነገሩ። ተረኛ ፖሊስ በሩን ከፍቶ «ዳግመኛ ጠብ ከሰማሁ ለዚህ ክፍል ስንቅ አይገባም» አለና ዘጋው። መምህሩ ስኳር አለበት፤ መድኃኒቱ የሚገባለት ከስንቁ ጋር ነው። ሁላችንም እሱን አየነው። እሱ መሬት መሬት ያያል።

ካቦው ወደ እኔ ዞረ። «ቀያሽ! ተነስ። ወለሉን እኩል ክፈልልን። ካበላሸኸው ማታ እንደገና ይጣላሉ፤ መምህሩ ደግሞ ያለቀለት ነው።»

ተማሪው ከሹራቡ እጅጌ ክር ተረተረልኝ። በስንዝሬ እየለካሁ ቋጠርኩት። ምልክት ማድረጊያ ሳሙና ሰጡኝ። የቀረኝ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው ነበር። ብዙ እጅ ተዘረጋ። እኔ ግን ወደ ጥጉ ሄድኩ።

«አባባ፣ ጫፉን ይያዙልኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

የክሩን ጫፍ እንደዘረጋሁላቸው ቆምኩ።

«ሥራ ላይ ነህ?» አሉኝ ደግሞ።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ አባባ።»

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ጫፉን ተቀበሉኝ። አንዱን ረድፍ ለካን፤ በሳሙና እያሰመርኩ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ለአንድ ሰው የቀረው ቦታ ግማሽ ብቻ ሆነ። ጉርምርምታ ተነሳ። ነጋዴው «ይኼ ነው ቀያሽ!» አለ። ሒሳቤ ግን ልክ ነበር።

«ክሩን እየው እስቲ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ሱፍ ነው። ስትስበው ይረዝማል፤ ስታላላው ያጥራል።»

አስራ አንድ ዓመት በብረት ሜትር ስለካ ኖሬ ይህ ጨርሶ አልታየኝም። እሳቸው የጋቢያቸውን ጠርዝ በጥርሳቸው ያዙና ጠር አድርገው ቀደዱት፤ ረጅም ብጣሽ ሆነ። ያለቻቸው ልብስ እሷው ነበረች። እንደገና ጀመርን። እያንዳንዱ ሰው ጋ ስንደርስ «እየው፤ ልክ ነው?» ይሉታል። እሱ አጎንብሶ አይቶ «ልክ ነው» ሳይል ወደሚቀጥለው አንሄድም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ባልዲው አጠገብ ማንም የማይፈልጋቸው ሁለት ቦታዎች ቀሩ። ካቦው ዕጣ ሊያወጣ ሲል ሽማግሌው «ገመድ የያዘ መጨረሻ ነው የሚወስደው፤ አለዚያ ማን ያምነዋል?» ብለው ሄደው አንዱ ላይ ተቀመጡ። ሌላው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ቦታ የተጣላ ሰው አላየሁም። የመምህሩም መድኃኒት በማግስቱ ገባ።

የለካን ዕለት ከሰዓቱ ረዥም ነበር። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳደረጉ ጠየቁኝ።

«የኔ መሬት ልክ ነበር?»

ልክ ነው ማለት እችል ነበር። ማን ያየኛል? ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው።

«ሦስቱን ጎን ለካሁ። አራተኛውን፣ በወንዙ በኩል ያለውን፣ አልለካሁትም» አልኳቸው። «ከፊት ለፊቱ ጎን ጋር እኩል ነው ብዬ ጻፍኩት። ሰርቪሱ ሊሄድ ነበር።»

አውሮፕላን መጣ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ አለፈ።

«ስንት ይጎድላል?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉ። «ምትክ መሬት የሰጡኝ ባንተ ወረቀት ነው። ለዚህ ነበር ጫፉን ልያዝ ያልኩህ።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቅርም አላሉኝ፣ አልረገሙኝም። ብጣሿን ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡና «ስትፈታ ለካው፤ ለክተህ ንገረኝ» ብቻ አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ስማቸው ተጠራ፤ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወጡ። ወዴት እንደወሰዷቸው የነገረን የለም።

እኔ ከአራት ወር በኋላ ተፈታሁ። ሥራዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሮ ጠበቀኝ። የድሮ ባልደረቦቼ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ስልካቸውን አንስተው እንዳላየ ያልፋሉ። አሁን ሰሚት አንድ ክፍል ተከራይቼ የግል ልኬት እሠራለሁ። የምሄድበት ቦታ ሁሉ የሜትሩን ጫፍ ለባለቤቱ እሰጣለሁ። አንዳንዱ ይገረማል፤ አንዷ ሴትዮ «ምነው፣ ረዳት የለህም እንዴ?» ብላኛለች። ጠዋት የሚያስነሳኝ ምን እንደሆነ አሠልጣኙ ዛሬ ቢጠይቀኝ የምጽፈው አላጣም።

በወጣሁ በመጀመሪያው እሑድ ለሚ ኩራ ሄድኩ። ማሳው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ በወንዙ በኩል ያለው ወሰን ግን በቆርቆሮ ታጥሮ እንዳለ ነው። ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። ብጣሿን ከኪሴ አውጥቼ ሜትሩን በእሷ ከአጥሩ ብረት ጋር አሰርኩትና ወደ ታች ሄድኩ። ተመልሼ ሁለተኛ ለካሁት።

እኔ ከጻፍኩት በአስራ አራት ሜትር ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ ያላጠያየቅኩበት ሰፈር የለም፤ ቤታቸውን የሚያውቅ አላገኘሁም። ቁጥሩን የጻፍኩባት ወረቀት ከብጣሿ ጋር ኪሴ ውስጥ አለች።