ሁልጊዜ ኮረብታ የነበረው ሽቦ

ሥራ የጀመርኩት ቴፒ፣ አንድ መሰናዶ ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብቼ ከፕላዝማው ጎን ቆምኩ። በሳተላይት የሚያስተምረው ሰውዬ ደሪቬቲቭን በእንግሊዝኛ አስረድቶ ሲጨርስ ተማሪዎቹ ገና ርዕሱን እየጻፉ ነበር። ለእኔ የተረፈኝ ዐሥር ደቂቃ ነው። «ገባችሁ?» አልኩ። ሁሉም ርዕሱን መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ቅዳሜ ከአንድ አናጢ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ለምኜ፣ ወፍራም ሽቦ እንደ ኮረብታ ቆልምሜ ቸነከርኩበት። ተማሪዎቹ ቀጥ ያለ የቀርከሃ ስንጥር ሽቦው ላይ አስደግፈው ያንሸራትታሉ። ዳገቱ ላይ ስንጥሩ ሽቅብ ያያል፣ ቁልቁለቱ ላይ ወደታች፣ አናቱ ላይ ይጋደማል። «ደሪቬቲቭ ማለት የስንጥሩ ማዘንበል ነው፤ ከተጋደመ ጫፍ ላይ ናችሁ» አልኳቸው። ገባቸው። እኔም ኮራሁ፣ ምን ልዋሽ።

የሒሳብ ክፍል ተጠሪያችን አቶ ጌታሁን ግን አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ሽቦህ ሁልጊዜ ኮረብታ ነው። ወጥቶ፣ ትንሽ ሜዳ ሆኖ፣ ደግሞ የሚወጣ ዳገትስ? የሸኮን መንገድ ሄደህበት አታውቅም?» አሉኝ።

«እሱን ፕላዝማው ያሳያቸዋል» አልኩ። ቅናት መስሎኝ ነበር። ያ ትምህርት በተላለፈ ቀን መብራት ጠፋ፤ እኔም ተመልሼ አላስተማርኩትም።

ብርነሽ የምትባል የሸኮ ልጅ ነበረች፤ ቴፒ ቤት ተከራይታ ትማራለች። በእረፍት ሰዓት እንኳ ከስንጥሩ አትለይም። አባቷ አንድ ቀን መጥተው፣ «መምህር፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ትማር። ካልሆነ ሚዛን ከተማ አጎቷ ሱቅ ትገባለች» ብለውኛል።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያው የሒሳብ ፈተና ቀን ብርነሽ እየሳቀች ወጣች። «ቲቸር፣ የእኛ ስንጥር መጣልን። ኤክስ ኪዩብ ነው፤ ዜሮ ላይ ይጋደማል። ጫፍ ነው ብዬ መለስኩ።»

ኤክስ ኪዩብ ዜሮ ላይ ጫፍ የለውም። ጥቂት ተጋድሞ እንደገና ይወጣል። ደነገጥኩ፤ ግን «ጎበዝ» አልኳት። ከሰዓት ፊዚክስ ስላለባት እንዳትረበሽ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በአንድ ነጥብ ወደቀች። ያቺ ጥያቄ ትሁን ሌላ፣ ማንም አያውቅም። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ከዓመታት በኋላ ወደ ሚዛን ከተማ ተዛውሬ ብርነሽ የምትሠራበት የአጎቷ ሱቅ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ስኳር እየመዘነች ነበር። ሚዛኑ እስኪረጋ ጠበቀችና፣ «አባቴ አላጠናሽም ብሎ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል። ለእሱ ይንገሩልኝ» አለች።

ሸኮ ሄጄ ለአባቷ ነገርኳቸው። «ይህን ሁሉ ዓመት በልጄ ስፈርድ ኖርኩ። አሁን የነገርከኝን ምን ላድርገው?» አሉ።

ሞዴል የምትሠሩ መምህራን፣ የማያሳየውንም ነገር በዚያው ቀን ለተማሪ ንገሩ። ስትሳሳቱም ባወቃችሁበት ሰዓት ተናገሩ፤ ከዘገየ ለተናጋሪው እንጂ ለተጎጂው አይጠቅምም።