አራት ጣት የጎደለው ቀሚስ

ቀሚሱ አልዘጋም ያለኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በሳምንቱ እሁድ፣ ልጄን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች መልስ ሊቀበሉ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ያለው ቤታችን ይመጣሉ። ባሌ ከኋላዬ ቆሞ ዚፑን ሲታገል ቆየና ጣቶቹን ክፍተቱ ላይ ደርድሮ ለካ።

«አራት ጣት ይቀረዋል» አለ።

«ታጥቦ ጠቦ ይሆናል።»

«ታጥቦ አያውቅም።»

እውነቱን ነው። ቀሚሱን ያሰፋችልኝ እናቴ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ደውላ «ልክሽን ንገሪኝ፣ ልጅሽን ስትድሪ የምትለብሺውን ላሰፋልሽ ነው። እኔ ልድረስ አልድረስ አላውቅም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ስሞሸር የነበረኝን ልክ ነገርኳት። በእናቷ ፊት ቀጭን መሆን የማትፈልግ ማን አለች? «አልወፈርሽም?» አለችኝ። «ኧረ እንደ ድሮዬ ነኝ!» አልኩ። «እሺ ልጄ» አለች። ቀሚሱን በሰው ላከችልኝ፤ ለዚያ ቀን ይቆይ ብዬ ሳልለካው ሰቀልኩት። በዓመቱ እናቴ አረፈች።

ልጄ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ ይሆናል። «ማሚ፣ ኤግ ዳይት ሞክሪ! ጀስት ሰቨን ዴይስ!» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ሰባት ቀን የተቀቀለ እንቁላል ብቻ፣ ሌላ ምንም። ዳይቱን ከጻፈው ሰውዬ ምክር ጎን ወገቧ እንደ ጭራ የቀጠነ ሴትዮ ቆማለች። ከእንቁላሉ በፊትም ወፍራ የምታውቅ አትመስልም። ሆኖም ሰው ሲጨንቀው የማያምነው የለም፤ ሁለት ትሬ፣ ስልሳ እንቁላል ገዝቼ ገባሁ።

እሁድን እንደ ጀግና አለፍኩት። ሰኞ ቢሮ ገባሁ። ሥራዬ ድርቅ ወዳለበት አካባቢ እህል የሚጭኑ መኪናዎችን ማሰማራት ነው። ስብሰባ ላይ ስለ ራሽን እየተነጋገርን ሆዴ ጮኸ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፈርኩ። ሰው አጥቶ ይራባል፣ እኔ ለዚፕ ብዬ እራባለሁ። ካፈርኩም በኋላ ግን ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ ሁለት እንቁላል ላጥኩ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች።

በአራተኛው ቀን፣ ዳይቱን የጻፈው ሰውዬ በሕልሙም ያላየው ነገር መጣ። ረቡዕ! እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብን ገድፌ አላውቅም። እንቁላሉን ጾሙ ከለከለኝ፣ ሽሮውን ዳይቱ ከለከለኝ። ሰባት ቀን ስቆጥር ረቡዕ የሚባል ቀን መኖሩን እንዴት ረሳሁት? ባሌ ምስር ወጡን አጠገቤ እየጠቀለለ «ለምን ለንስሐ አባትሽ አትደውዪም?» አለኝ።

«ምን ልበላቸው? አባቴ፣ ለቦርጭ ሲባል ረቡዕ እንቁላል ይፈቀዳል ወይ ልበል?»

«እሳቸውም ቦርጭ አላቸው፣ ይገባቸዋል።»

ውኃ ጠጥቼ ተኛሁ። ዓርብም እንዲሁ። ዓርብ ከሥራ ስመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ መልስ አዘገየብኝ ብዬ ያወረድኩበትን ስድብ ባስታውሰው ዛሬም ያሳፍረኛል። ደግነቱ ስድቡ በአማርኛ ነበር። ልጁ ዘመድ የሞተብኝ መስሎት «ፖሌ ማማ፣ ፖሌ» እያለ አጽናናኝ።

ቅዳሜ ለሽማግሌዎቹ ዶሮ ወጥ ልሠራ ገባሁ። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ አሥራ ሁለት እንቁላል ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ጠቅ ጠቅ አድርጌ ወጡ ውስጥ ጣልኩ። ከዚያ ቆሜ አየኋቸው። ወይ ጉድ! እንቁላል እኮ ናቸው! ዳይቱ የተቀቀለ እንቁላል ብዪ አለ እንጂ፣ ወጥ ውስጥ የገባውን ተዪ አላለም። አንዱን ለጨው ብዬ ቀመስኩ። ሁለተኛውን ጨዉ ልክ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ። ቁሌቱን እኔ አልጨለፍኩትም፤ ራሱ ነው እንቁላሉ ላይ ተጣብቆ የወጣው። ከሦስተኛው በኋላ መቁጠር ተውኩ። ባሌ ውኃ ሊቀዳ ገባና ከንፈሬን አይቶ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብሎኝ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ቀሚሱን ለካሁት። ሦስት ጣት ቀረው። አንድ ጣት! የሰባት ቀን ረሃብ፣ የሰባት ቀን ውርደት፣ ለአንድ ጣት! አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቦርጬ አልነበረም ያለቀስኩት። እናቴ የልጅ ልጇን መዳር ለማየት ትመኝ ነበር፤ ነገ በዚያ ቤት ውስጥ ልትገኝ የምትችለው በዚህ ቀሚስ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ዋሽቼ በሩን ዘጋሁባት።

እሁድ በጠዋት ልጄ ቀሚሱን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ ከፎቃችን ሥር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ወደሚሠራው ፈንዲ ወሰደችን፤ ልብስ ሰፊን እዚህ እንዲያ ነው የምንጠራው። ሽማግሌው ፈንዲ ቀሚሱን ገለበጠና ጎኑን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝ።

«ማማ፣ ይህን ማን አሰፋልሽ?»

«እናቴ።»

«ታውቅሽ ነበር» አለኝ በስዋሂሊ። «በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። ሲፈለግ እንዲፈታ ነው።»

እጄን ሰድጄ ነካሁት። ወፍራም እጥፋት፣ ከብብት እስከ ዳሌ። እናቴ ውሸቴን እንደነገርኳት አሰፍታው፣ እውነቱን ውስጥ ደብቃልኛለች። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ፈንዲው ሦስቱን ጣት ፈታልኝና አንዱ ጣት ቀረ። «እሱንም ልፍታው?» አለኝ። «ተወው» አልኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ መጡ። በወጉ፣ ጉዳያቸው እስኪያልቅ ምግብ አልነኩም። ባሌ ልጃችንን መስጠታችንን ከነገራቸው በኋላ ለሰባቱ ሰዎች፣ ለሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ለባሌና ለሦስቱ ዘመዶቻችን፣ ልጄ ወጡን ማውጣት ጀመረች። በትልቅ ሰው መጀመር እንዳለባት ማን ነግሯት? ከበሩ ጀመረች፤ ዋናው ሽማግሌ ከውስጥ በኩል ስለተቀመጡ መጨረሻ ደረሳቸው። እሳቸው ደግሞ መሃል ከተማ ሬስቶራንት ከከፈቱ ስንት ዘመናቸው! በእንጀራ ወጡን ወዲያ ገለጥ፣ ወዲህ ገለጥ አደረጉ።

«እንቁላሉስ?»

ሮጬ ድስቱን ከፈትኩ። አንድም የለም። ለካ ስድስቱን ነው የጨረስኩት! ገና «ይቅርታ» ልል ስል ልጄ ቀደመችኝ።

«ማሚ በልታዋለች። ዳይት ላይ ነበረች።»

 በቃ፣ የልጄን ትዳር በእንቁላል አፈረስኩት ብዬ መሬት ዋጪኝ አልኩ። ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ ቀሚሴን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል ነው፣ እዚህ የቀረበው ስድስት። በዳይት ስድስት ከበላሽ፣ ያለ ዳይት ሙሽራው ልጃችን እዚህ ቤት አይራብም! ነይ፣ ነይ ጉረሺ።»

«ኧረ ይበቃኛል...»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ጎረስኩ። አንዱ አነሳቸውና ደገሙኝ። ቀሚሱ ምንም አላለም፤ ጎኔ ላይ ተመችቶት ተቀምጧል። በሌላኛው እጄ ያልተፈታውን እጥፋት ዳሰስኩት።

ያን አንድ ጣት እስከ ዛሬ አላስፈታሁትም። እናቴ «እሺ ልጄ» ያለችኝ እዚያ ውስጥ ነው።