ናቦር የወደቀበት ፊልም

ሜክሲኮ ውስጥ፣ ዱራንጎ አጠገብ ባለችው በዚያች መንደር፣ ካውቦይ ፊልም ላይ ያልሞተ ሽማግሌ የለም። ግሪንጎዎቹ፣ አሜሪካኖቹ ማለት ነው፣ ካሜራቸውን ጭነው በመጡ ቁጥር ገበሬው ሥራውን ጥሎ ሽጉጥ ይታጠቅ ነበር። የዶኛ ኤዱቪሄስ ባል ናቦርም በአንዱ ፊልም ላይ በጥይት ተመትቶ ከጣሪያ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ ወልዶ ከብዶ፣ በስኳር በሽታ ሞተ።

በየሙት ዓመቱ ዶኛ ኤዱቪሄስ ያንን ፊልም ይከፍታሉ፤ ናቦር ሲወድቅ ያለቅሳሉ። ዘንድሮ ግን ልጃቸው በገዛላቸው አዲስ ቴሌቪዥን ቢያዩት አንዲት ጠብታ እንባ እንኳ ጠፋች። ደነገጡ። ልቤ ደረቀ? ረሳሁት እንዴ? ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን በሆዱ ይዞ ይቀር ነበር። እሳቸው ሳያጣሩ አይተኙም፤ የሠርግ ቪዲዮ የምታነሣውን ምራታቸውን ኦቲልያን ጠሩ።

«እስቲ እይው! ባሌን የቴሌኖቬላ ድራማ አሽከር አስመስሎታል። ጣሪያውም ካርቶን ነው የሚመስለው።»

ኦቲልያ አይታ ሳቀች። «እማማ፣ ልብዎ ደህና ነው። ፊልም ማለት በሰከንድ ሃያ አራት ፎቶ ነው። ይሄ ቴሌቪዥን ደግሞ እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ ብሎ በየመሃሉ ከራሱ ፎቶ ፈጥሮ ይሰካበታል። ቴሌኖቬላ ሲቀረጽ ፎቶው ብዙ ነው፤ ዓይናችን ያንን ስለለመደ ይሄንንም ድራማ ነው ይላል።»

«ከራሱ ፈጥሮ? ናቦርን የት አውቆት?»

«አያውቀውም። ከፊትና ከኋላ ያለውን አይቶ ይገምታል።»

«እንደ ጎረቤቶቼ በይኛ!»

ኦቲልያ ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ፎቶ የሚሰካውን ማለስለሻ አጠፋችው። ናቦር ዳግመኛ ወደቀ። አቧራው ቦነነ፣ ፊቱ ራቀ። ዶኛ ኤዱቪሄስ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አልረሱትም! እፎይ አሉ።

«በቃ እንዲሁ ይሁን» ብላ ኦቲልያ ልትነሣ ስትል፣

«ቆይ፤ ማለስለሻውን መልሰሽ አብሪው» አሏት።

«ምነው፣ ተጣልታችሁ አልነበር?»

«አብሪው አልኩሽ! ቅድም አንድ ነገር ያየሁ መስሎኛል።»

ናቦር እንደገና ወደቀ፤ አሁንም እንደ ድራማ ሰው፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ የወደቀ ይመስል። አሮጊቷ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳቡ። ሬሳው መሬት ላይ ተዘርሯል። ከቀበቶው በላይ ግን ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ሁሉ ዓመት ሲያለቅሱ ይህን ልብ ብለውት አያውቁም።

«ውሸታም!» አሉት እየሳቁ።

ኦቲልያ ሪሞቱን አነሣች። «ላጥፋው?»

«ተይው» አሉ። «ይተንፍስ።»