ያላዩት ድንጋይ አይነደፍም

ሐብተማርያም የአየር መንገድ ቲኬት ሠራተኛ ነው፤ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳያወራ ከወረደ፣ ያን ቀን ምሳ ያልበላ ያህል ይከፋዋል። በፈረንጆቹ 2005፣ አንድ ዝናባማ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከመሐል ከተማ ወደ ኢስትሊ ሰፈር ሲሄድ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ግን ወሬ የምትወድ አትመስልም ነበር። ከክንድ የሚረዝም የፕላስቲክ ቱቦ አቅፋለች። ረዳቱ ከወንበር ሥር ሊከተው እጁን ሲዘረጋ፣ "ሃፓና!" ብላ በስዋሂሊ የእምቢታ ቃል አምባረቀችበት። ቀጥላም ለራሷ በአማርኛ፣ "ቀበቶ እሰሪ አልከኝ፣ አሰርኩ። ይኼን ደግሞ ከነነፍሴ ውሰደው!" አለች።

ሐብተማርያም ሳቁ አመለጠው። "እህቴ፣ ሕፃን ነው እንዴ የታቀፍሽው?"

"ከሕፃን ይብሳል" አለች፣ የአገሯን ሰው በማግኘቷ ፊቷ ፈታ ብሎ። "ሕፃን ቢሆን አለቃዬ አይመኝብኝም ነበር።"

የምሥራች ትባላለች። ዌስትላንድስ ሰፈር ባለ አንድ የጥንት ሕንፃ ጠጋኝ ድርጅት ውስጥ የፍርስራሽ ንድፍ ትሠራለች። ፍርስራሽ ደግሞ እንዴት ይነደፋል ቢላት፣ ትምህርት ቤት ልትከፍትለት ምንም አልቀራት። ቱንቢ ትጥላለህ፣ ሜትር ትዘረጋለህ፣ እያንዳንዷን ድንጋይ ከነስንጥቋ ወረቀት ላይ ታሰፍራለህ። ያየኸውን በሙሉ መስመር፣ የገመትከውን በነጠብጣብ፤ የማታውቀውን ባዶውን ትተዋለህ። በቃ።

ቱቦው ውስጥ ያለው የአንድ የፈረሰ መስጊድ ንድፍ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ስድስት ሳምንት በፀሐይ ተቀቅላ የሠራችው። ኢማሙ ፊቱን አዙሮ ከሚቆምበት በላይ የነበረው ቅስት ግማሹ ወድቋል። አለቃዋ ጋሽ ዓለምሰገድ የጎደለውን በሙሉ መስመር ሙዪው አሏት። ሰኞ ሥራውን የሚያጸድቁት ሰዎች ይመጣሉ፤ ግንበኞቹም የሚገነቡት ያንኑ መስመር እያዩ ነው። "በነጠብጣብ ላድርገው" ብላ ለምና ነበር። "ነጠብጣብ ጥያቄ ይጠራል" አሏት። እሷም ሌላ ሰው እንዳይሞላው ብላ ዋናውን ንድፍ አቅፋ ወጣች።

"ታዲያ ግማሹን ካየሽው" አለ ሐብተማርያም፣ ጨዋታው እንዳይቋረጥበት፣ "ሌላውን ግማሽ ማወቅ ምን ይከብዳል?"

"እኔም እንዳንተው ብዬ ነበር።" ማታቱው ፓንጋኒ ላይ በመኪና ተከቦ ቆሟል፤ እሷም ጊዜ አገኘች። "ወሎ ውስጥ ነው፣ የአገሩን ስም አልነግርህም። የፈረሰች ቤተ ክርስቲያን። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የበሩ ቀኝ መቃን የለም። እኔ ደግሞ የተጠመቅኩባት ደብር በር ትዝ አለኝና፣ በዚያ አምሳል ሞላሁት። አማረ! ተጨበጨበልኝ። ከዓመታት በኋላ ብመለስ፣ በእኔ ንድፍ ገንብተውታል። ያን መቃን ለማስገባት ሁለት እውነተኛ ድንጋዮች ነቅለው ጥለዋል። አንዲት እናት መጡና መቃኑን ተሳለሙት። 'ልጄ፣ ያባቶቻችን እኮ ነው፣ ተሳለሚ እንጂ' አሉኝ።"

"ምን አደረግሽ ታዲያ?"

"ተሳለምኩ! የገዛ ውሸቴን ሳምኩ።"

ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አየችና፣ "እሳቸው ናቸው" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። "ወርክ ፐርሚቴን ያስጨረሱልኝ እሳቸው ናቸው። የሥራ ፈቃዱ በሰኔ ያልቃል፤ ሳይፈርሙልኝ አይታደስም።" አነሳችው።

"አቤት ጋሼ... አዎ፣ እኔ ጋ ነው... ኧረ አልሰረቅኩም! ቤቴ ነው የምወስደው... ጋሼ፣ ያላየሽውን አትንደፊ ብለው ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት! ዛሬ ማን አስረሳዎት?" ከወዲያ በኩል የሰውየው ቁጣ ለሐብተማርያም ጭምር ይሰማል። "ፐርሚቱንማ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ሰኞ ጠዋት አመጣዋለሁ። እንዳለ።"

ስልኩን ዘግታ ቱቦውን አጥብቃ አቀፈችው። ሐብተማርያምን አሳዘነችው። "ሰው አገር ነን፣ እህቴ። ለጊዜው እንኳ ጎንበስ ብለሽ ብታልፊውስ?"

"ሃያ ዓመት ድንጋይ ሥር ጎንብሼ የኖርኩ ሰው ነኝ" አለች። "ለሰው የሚተርፍ ወገብ የለኝም።"

ኢስትሊ ሲደርሱ ዝናቡ አላባራም። ጃኬቷን አውልቃ ቱቦውን ጠቀለለችበትና፣ ራሷ በዝናቡ እየተደበደበች ወረደች። ሐብተማርያም በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። "የምሥራች! ሰኞ ባዶውን አይተው ቢያባርሩሽስ?"

ጭቃው መሐል ቆማ ዞር አለች።

"ያባሩኛ!" አለችው። "መሙላት ያማረው በገዛ እጁ ይሙላው፤ ስሙንም ከሥሩ ይጻፍበት።"