እናቴ መንገድ ስትሻገር

እናቴ እቴነሽ ደብረ ታቦር ገበያ ሠላሳ ዓመት ቅቤ ነግዳለች። ከእብናት የሚመጣውን ቅቤ አንዴ አሽትታ ለጋውን ከበሳሉ ትለየው ነበር፤ ሙዝ ቀላቅሎ የመጣ ሻጭ ካጋጠማት በሰው ፊት ታዋርደዋለች። አንድ ቅዳሜ ግን በሳሉን ለጋ ነው ብላ ሸጠች። ደንበኛዋ መልሳ ስትመጣባት «እርጅና ነው» ተባብለን አለፍነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ፣ እግሯም መጎተት ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አለን፤ ሽታ መለየት ያቃታትም ከዚሁ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ነገረን።

እኔ ሠናይት ብቸኛ ልጇ ነኝ። በ2011 ታኅሣሥ ላይ የአራት ዓመት ልጄን የሺን በእጇ ይዛ አስፋልቱን ስትሻገር መሐል ላይ፣ በሽታው እንደሚያደርገው፣ የእናቴ እግር አልነሣ ብሎ ተጣበቀ። ወዲያ ማዶ ሆኜ አያለሁ። አንድ አይሱዙ ቁልቁለቱን እየወረደ ነበር። «ልቀቂያት!» እያልኩ ጮህኩ፤ እናቴ መልቀቅ ፈልጋለች፣ እጇ ግን እንደ ጨበጠ ቀረ። መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን አልሰጠኋትም። ጨካኝ በሉኝ፤ ጎማው ሲያፏጭ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የሺን ወደ መዋዕለ ሕፃናት ስወስዳት፣ እናቴ እጇን ትዘረጋና መልሳ ጋቢዋ ውስጥ ትከተዋለች። ያ እጅ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሆስፒታሉ ውስጥ በዚህ በሽታ ላይ ጥናት መጀመሩን የሰማነው በዚህ መሐል ነው። ፈንታሁን የሚባል ፊዚዮቴራፒስት አስቀምጦ አስረዳን። «እማማ፣ ሁለት እርጥብ ስፖንጅ ራስዎ ላይ እናስራለን። ከባትሪ የሚወጣ ትንሽ ኮረንቲ ለሃያ ደቂቃ ይለቀቃል፤ ከዚያ እርምጃ እንለማመዳለን። አሥር ቀን ነው። መድኃኒትዎን አያቋርጡም። ሊረዳዎት ይችላል፣ ላይረዳዎትም ይችላል።»

እናቴ ኮረንቲን የምታውቀው በአንድ ነገር ነው። ክረምት ላይ የወደቀ ሽቦ የጎረቤታችንን የይርጋን በሬ ዓይኗ እያየ ገድሎታል። «አናቴ ላይ?» አለች ቀስ ብላ። እኔ ደግሞ የፈራሁት አእምሮዋን ነው። ከዚያ ክፍል ሌላ ሰው ሆና ብትወጣስ? ፈንታሁንን አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ ጠየቅሁት፤ አራት ጊዜ ሳይሰለች መለሰልኝ። እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መንገድ ያሻግራል?»

«የምንሞክረው ለዚያ ነው እማማ።»

ፈረመች።

በመጀመሪያው ጠዋት ፈንታሁን ሻሿን ገለጥ አድርጎ ስፖንጁን አሰረና ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ጮኸ፣ ቀይ መብራት በራ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ጮኸ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማሽኑ አይሆንም አለኝ። ውስጤ የሆነ ነገር አይቷል» አለች።

እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

ፈንታሁን ግን አሸተተ። ሻሹን ጨርሶ ሲፈታው አናቷ በቅቤ ተሞልቷል። ኮረንቲው እንዳያገኛት ንጋት ላይ ተነሥታ ደፍድፋው ኖሯል። ያውም በሳል ቅቤ! ክፍሉ ሁሉ ሸተተ፤ እኔ በቅቤ ሽታ ያደግሁ ስለሆንኩ መንገድ ላይ ልብ አላልኩም። ያልሸተታት እሷ ብቻ ነበረች።

«እማማ፣ ቅቤው ነው ኮረንቲውን አላሳልፍ ያለው» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ሠርቷላ!» አለች።

እኔ አልሳቅሁም። ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ወስጄ ራሷን በሳሙና አጠብኩላት። ተንቀጠቀጠች። የበሽታውን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ ይህ ፍርሃት ነበር።

ማሽኑ ሲሠራ «እንደ ጉንዳን ወረረኝ» አለች፣ ሌላ ምንም። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ የዘመድ ስም እየጠራሁ የማን ልጅ እንደሆነ በመጠየቅ ፈተንኳት። አንዱንም ሳትስት መለሰች፤ መጨረሻ ላይ «ዝም በይ እስቲ» ብላ ተቆጣች። ቁጣዋን ስሰማ ነፍሴ መለስ አለች።

በአሥረኛው ቀን እርምጃዋ ሰፋ ብሎ ነበር፤ መጣበቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ኮረንቲው ይሁን ልምምዱ ፈንታሁንም በእርግጠኝነት አልነገረኝም። በሳምንቱ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እግሯ አንዴም ሳይጣበቅ መራመዷን አይቼ፣ አስፋልቱ ዳር የልጄን እጅ ወደ እሷ ገፋሁ።

«ያዢያት፣ እማ።»

እናቴ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች። «እጄን አልሰጣትም። እጄ አይለቅም።» የነጠላዋን ጫፍ ፈታ አድርጋ ለየሺ አስጨበጠቻት። «የሺዬ፣ እኔ ብቆም አንቺ አትቁሚ። ልቀቂኝና ሩጪ። ወደ ኋላ እንዳታዪ።» ሦስት ጊዜ አስደገመቻት።

ግራ ቀኙን አይተን ገባን። እኔ አንድ እርምጃ ከኋላ ነኝ። መሐል ላይ ቀኝ እግሯ ተጣበቀ። ከቁልቁለቱ አናት ላይ አንድ አይሱዙ ብቅ አለ። የሺ ነጠላውን ለቀቀች፣ ሮጠች፣ ወደ ኋላም አላየችም።

የእናቴን እጅ አፈፍ አደረግሁ። በልምምዱ እንደተማርነው «ቁጠሪ፣ እማ! አንድ!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት» አለችና እግሯ ተነሣ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ክላክሱን እየነፋ ከኋላችን አለፈ።

ማዶ ስንደርስ እናቴ እያለቀሰች ትስቃለች። «ለቀቀችኝ! አየሽ ሠናይት፣ ለቀቀችኝ!» አለች። ከዚያ ዝቅ ብላ እጃችንን አየች። «አሁን አንቺም ልቀቂኝ፤ አሳመምሽኝ።»

ልለቃት ፈልጌ ነበር። እጄ አልለቅ አለኝ።