አራት ተከራይ ያለበት ቤት

ፀጉር ሠሪዋ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላት የኖረችው በሰው ቤት ነው። ምስማር ለመምታት ፈቃድ ጠይቃለች፤ አከራይ ሲቆጣ አንገቷን ደፍታለች፤ ቤት በተሸጠ ቁጥርም ፍራሿን ጠቅልላ ወጥታለች። ስለዚህ ደላላው አራት ተከራይ ያለበትን ባለ አንድ ፎቅ ቤት "ዓይንዎን ጨፍነው ይግዙት" ሲላት፣ ዓይኗን ከፍታ ልታየው ታናሽ እህቷን አስከትላ ሄደች። እህቷ ነገር ሳይመጣ ቀድማ የምትፈራ ሴት ናት።

ታች ቤት ያለችው ነርስ አፍንጫዋን በሻሽ ይዛ ተቀበለቻቸው። "ሽንት ቤቱ ክረምት ከበጋ ይገማል" አለች። ፀጉር ሠሪዋ ገብታ አሸተተች። የሸተታት ሳሙና ነው። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ደግሞ አይጡ ድመቱን እንዳባረረበት በሐዘን ነገራቸው። ፎቅ ሲወጡ፣ የአንደኛው ተከራይ በር ተቆልፏል፤ ከጎኑ ያሉት ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ሳሎናቸው መሃል ሦስት ባልዲ ደርድረው ተቀምጠዋል።

"ጣሪያው ያፈሳል፣ ልጄ። እኔስ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ግን ገንዘብሽን ውሃ አታስበዪው።"

እህቷ ክንዷን ጎተተቻት። "እንሂድ! ይኼ ቤት ሳይሆን መርገም ነው።"

ደላላው ላቡን ጠረገ። "ትናንት እኮ አላፈሰሰም ነበር" አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። የውሃ ምልክት የሚባል የለበትም። ባልዲዎቹም ደረቅ ናቸው፤ የአንደኛው የዋጋ ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም። ነገሩ ወዲያው ገባት። እሷ ራሷ በተከራይነት ዘመኗ "ቤቱ ጋኔን አለበት" እያለች ሁለት ገዢ አባርራለች።

ደላላውን ደጅ እንዲጠብቅ ነግራው፣ ወንበር ስባ ከባልዲዎቹ አጠገብ ተቀመጠች።

"አባባ፣ ኪራይ ትጨምርብናለች ብላችሁ ነው?"

"መባረርም አለ" አሉ ሽማግሌው።

"አላባርርም። ኪራዩንም ዓመት ሳይሞላ አልነካም። አሁን የቤቱን እውነተኛ በሽታ ይንገሩኝ።"

ባቡር ነጂው መጀመሪያ ባልዲውን፣ ቀጥለው እሷን አዩ። "እስቲ ይኼን ቁም ሣጥን አግዙኝ" አሉ።

ከቁም ሣጥኑ ኋላ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ቁም ሣጥኑን እዚያ ያስጠጋው ደላላው ነው፤ ሽማግሌውም ስንጥቁን ያየ ገዢ ቤቱን ያፈርሰዋል ብለው ፈርተው አልተናገሩም።

"አላልኩሽም?" አለች እህቷ፣ ፊቷ በርቶ።

"አንቺ ያልሽው መርገም ነው። ይኼ ስንጥቅ ነው፤ ለስንጥቅ ግንበኛ አለ።"

ግንበኛው መጣ፤ ግድግዳውን አንኳኳ፣ መሠረቱን ቆፍሮ አየ፤ መደገፍ እንጂ መፍረስ የለበትም ብሎ ፈረደ። እሷም የማሳደሻው ወጪ ከዋጋው ላይ ካልተቀነሰ አልገዛም ብላ ድርቅ አለች። የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ሰደባት፤ ቀጥሎ አኮረፈ፤ ሌላ ገዢ ሲያጣ ፈረመ።

በገዛች ሰሞን ልብስ ሰፊው ፀጉር ቤቷ ድረስ መጣ።

"እትዬ አከራይ፣ ቧንቧው ተበላሽቷል" አላት።

ማንን እንደሚያናግር ለማወቅ ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ማንም የለም። የያዘችውን ማበጠሪያ አስቀመጠችና ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ወጣች።